የዳቪት ጎርሌይ ሱራፌል

ካርሚሊ ውስጥ ድንጋይ ፈልጦ የሚያድር ሰው አንገቱን ደፍቶ አይሄድም። በኤድንበራም ሆነ በለንደን ጌቶቹ በሚያብረቀርቅ ጫማቸው የሚረግጡት ንጣፍ ከእኛ የድንጋይ ካባ የወጣ ነው። «እኛ ባንኖር እነዚያ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ጭቃ ላይ ነበሩ» እያለ የሚፎክር ፈላጭ በየደጁ አለ። ባቡር ገና ወደ መንደራችን ባልደረሰበት ዘመን ግን ከድንጋዩም አብልጠን የምንኮራበት ነገር ነበረን። ሱራፌል ነበረን።

ድንጋዩ በሽብልቅ ተመትቶ እንደ መጽሐፍ ሲገለጥ አንዳንዴ በገጾቹ መካከል ክንፍ ይገኛል። ላባው በረድፍ በረድፍ የተደረደረ፣ እያንዳንዱም እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ ነው። አባቶቻችን አዩትና «የሱራፌል ክንፍ ነው» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይጠይቃል? ከሰማይ የሚወድቅ ነገር የትም ሊወድቅ ይችል ነበር፤ የመረጠው ግን ካርሚሊን ነው። ይህን የሚጠራጠር ሰው ከተገኘ መጤ ነው።

ኤፒ ስዋንኪ መጤ ነበረች። የተወለደችው ከባሕሩ ዳር፣ ከአክሚቲ ነው። አክሚቲ ወደብ የላትም፤ ጀልባዎቹ የሚነሡት ከጠጠሩ ላይ ነው። ወንዶቹ እግራቸው ረጥቦ ቀኑን ሙሉ በብርድ እንዳይንቀጠቀጡ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ባላቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው ጀልባው ላይ ያስቀምጧቸዋል። «አጥብቀህ ያዝ፣ ውሃውን ለእኔ ተወው» ይሏቸዋል። ኤፒም አባቷንና ሁለት ወንድሞቿን እንዲህ ስታመላልስ አድጋ፣ ለካርሚሊው ፈላጭ ለዋቲ ጎርሌይ ተዳረች። ካገባች አራት ዓመቷ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ የባሏ አባት ዳቪት ጎርሌይ አንድ ቀን እንኳ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። «ዓሣ አጥማጇ» ነው የሚሏት፤ በክፋት ሳይሆን፣ ሰው ከባሕር ይወለዳል ብሎ ማመን ስለሚያቅታቸው ነው።

ዳቪት ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሳንባቸው የድንጋይ ብናኝ ጠጥቶ ሲተነፍሱ ያፏጫል። በካባው ውስጥ ግን እንደ እሳቸው ድንጋይን የሚያውቅ የለም። አንድ ክንፍ ከምድጃው በላይ በምስማር ተሰቅሏል፤ ሚስታቸው ማይሲ የሞተች ዕለት የሰቀሉት ነው። «ከዚህ ክንፍ ሥር ናት» ብለው ነበር ያን ቀን፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ሌሎቹን ቁርጥራጮች ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲለቅሙ ኖረዋል።

ከክንፉ ጎን አንድ ቢጫ የሆነ የጋዜጣ ቁራጭም ተለጥፏል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዶክተር ፔይተን የሚሉት አዋቂ ከኤድንበራ መጥቶ ክንፎቹን አየ፤ ተመለሰና «የካርሚሊ ገበሬዎች የዓሣ ቅርፊት አግኝተው መልአክ ነው እያሉ ይሰግዱለታል» ብሎ ጻፈ። ዳቪትን በስማቸው ጠቅሶ ነው የጻፈው። ገበሬ መባሉ ብቻውን ለአንድ ፈላጭ ይበቃ ነበር። ሽማግሌው ግን ጋዜጣውን ቆርጠው ግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ በየማለዳው ያዩታል።

በዚያ ዓመት በሰኔ ወር ዶክተሩ ቅዳሜ እንደሚመጣ ደብዳቤ ጻፈ። ዳቪትም ባዶውን ጋጣ አስጠረጉና፣ መላው ካባ ቆሞ እያየ ያን ሰው አፉን ሊያስዘጉት፣ ሱራፌላቸውን ከነሙሉ አካሉ መሬት ላይ መደርደር ጀመሩ።

ኤፒ ሐሙስ ቀን ምሳ ይዛ ገባች። ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ ታውቃቸው ነበር፤ አንድ ላይ ስታያቸው ግን የመጀመሪያዋ ነው። ስድስቱ ክንፎች ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል። በመካከል ሁለት ትልልቅ ክብ ምልክት ያለበት ሰፊ ጋሻ እንደ ጥሩር ደረቱ ላይ ተጋድሟል። ከራሱ ላይ መቅዘፊያ የመሰለ ጠፍጣፋ ነገር እንደ ዘውድ ተቀምጧል። ከጎኑ ደግሞ በዚያ ጸደይ የተገኘ፣ ርዝመቱ ክንድ የሚሆን፣ ጥርስ ያለው ነገር አለ።

«ይሄ ጥርሳሙስ ምንድን ነው?» አለች።

«ጉጠት ነዋ» አለ ጊብ ሞሊሰን። ጊብ ከፈላጮቹ ሁሉ ምላሰኛው ነው። «ኢሳይያስ ምዕራፍ ስድስት። ከሱራፌል አንዱ ከመሠዊያው ላይ ፍም በጉጠት ይዞ በረረ። አክሚቲ መጽሐፍ አታነቡም እንዴ?»

«እናነባለን። ፍሙስ የታለ?»

«እስካሁን አይበርድም ብለሽ ነው?»

ሁሉም ሳቁ። ዳቪት ግን አልሳቁም፤ ተንበርክከው ዘውዱን በጣታቸው ጫፍ ያቃኑ ነበር፣ ሕፃን እንደሚያለብሱ ሁሉ። ኤፒ ጥርሱን እንደገና አየችው፤ ጋሻውን አየችው፤ የምሳውን ሳህን አስቀምጣ ወጣች። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ በየማለዳው ከአባቷ ወጥመድ እያወጣች የቆጠረችውን ነገር መቼም አትስተውም። ጅራቱን ዘውድ፣ ራሱን ደረት አድርገውታል።

ዋቲን ከአጥሩ ሥር ዲጂኖ ሲያቃና አገኘችው።

«ዋቲ፣ ያ መልአክ አይደለም።»

«ዓሣ ነው እንዳትዪኝ ብቻ። አባባን የገደላቸው እሱ ቃል ነው።»

«ዓሣም አይደለም። ሎብስተር ነው፤ ያ ባለ መቆንጠጫው የባሕር ፍጥረት። ካልሆነም የሎብስተር ቅድመ አያት።»

ዋቲ ዲጂኖውን ጥሎ ተቀመጠ። «ስሚኝ፣ የኔ እመቤት። ዝም አይነቅዝም። ይህን ለአባባ ብትነግሪያቸው ቅዳሜን አያዩም።»

«ካልነገርኳቸውስ? ቅዳሜ ያ ሰውዬ ሠላሳ ሰው ፊት ይስቅባቸዋል። ደግሞ ጋዜጣ ላይ ያወጣቸዋል። ሁለተኛውን ሐፍረት የሚሸከሙት በየትኛው ሳንባቸው ነው?»

«አንቺ ታዲያ ማን ሆነሽ ነው የምትነግሪያቸው? ዓሣ አጥማጇ መልአካቸውን ሎብስተር አደረገችባቸው ሊባል?»

ይኼ እውነት ነበር፤ ስለዚህም አመማት። መጤ ምራት አማቷን በገዛ ቤታቸው አታርምም። ቢሆንም ዝም ብላ አልተኛችም። በማግስቱ ፀሐይ እንደወጣች ቅርጫቷን አዝላ ወደ አክሚቲ ወረደች።

አባቷ ጠጠሩ ላይ መረቡን ይጠግን ነበር። «ምነው፣ እዚያ ድንጋይ ማብላት ተዉ እንዴ?» አለ።

«ትልቁን ሎብስተር ስጠኝ፣ አባዬ። አንድ እግሩ እንኳ ያልጎደለውን።»

«ይሄ የለንደን ጌቶች ምግብ ነው፤ ፈላጭ ምን ያደርግበታል?»

«ይማርበታል። ደግሞ ሎብስተር ያወለቀውንም ቅርፍ ስጠኝ፤ መጋዘን ውስጥ የሰቀልከውን።»

አባቷ ሳቀና ሁለቱንም ሰጣት። ለምሳ ሰዓት ደርሳ ቀቀለችው። ጥቁር ሰማያዊው ተለውጦ እንደ ፍም ቀላ። ዳቪት እንዲህ ያለውን ነገር በአርብሮዝ ገበያ ተከምሮ አይተውት ያውቃሉ፤ በእጃቸው ፈልቅቀውት ግን አያውቁም። ተቀመጡ፣ ጸሎት አደረሱ፣ በሉ።

ኤፒ ሥጋውን እያወጣች ታቀርባለች፤ ባዶውን ቅርፍ ደግሞ ከድንጋዩ ገበታ ላይ በየተራው ትደረድራለች። ራሱን ከላይ፣ ከሥሩ የጀርባውን ቀለበቶች አንድ በአንድ፣ ከታች ጅራቱን፣ ከግራና ከቀኝ መቆንጠጫዎቹን። ዋቲ ገብቶት ጉልበቷን ከገበታው በታች ጎሸማት። አልተወችም።

የሽማግሌው እጅ መሃል መንገድ ላይ ቆመ።

ረጅም ጊዜ አዩ። አንዱን መቆንጠጫ አነሡና ከፈቱት፣ ዘጉት፤ እንደገና ከፈቱት። ጥርሱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ምግባቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው፣ ከምድጃው በላይ ያለውን ክንፍ ከምስማሩ አውርደው፣ ወደ ጋጣው ሄደው በሩን ዘጉ።

«ገደልሻቸው» አለ ዋቲ።

ከሰዓቱን ሙሉ ከጋጣው የድንጋይ መጎተት ድምፅ ይሰማ ነበር። አልፎ አልፎም ያ የሳንባቸው ፉጨት። ዋቲ ሁለት ጊዜ ሊገባ ሞክሮ «ውጣ» ተባለ። ወደ ማታ ገደማ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ «ዓሣ አጥማጇን ጥራልኝ» አሉ ከውስጥ።

ኤፒ ያወለቀውን ቅርፍ በመሐረቧ ጠቅልላ ገባች። ሱራፌሉ የለም። በቦታው ከራስ እስከ ጅራት ከአንድ ረጅም ሰው የሚበልጥ አውሬ መሬቱ ላይ ተዘርግቷል፤ ዓይኖቹ ከፊት፣ ክንፍ የነበሩት ቀለበቶች በየመጋጠሚያቸው፣ ጅራቱ ከኋላ፣ ጉጠቱም በክንዱ ጫፍ። አንዲት ቦታ ብቻ፣ ከጀርባው ላይ፣ ባዶ ነበረች። ዳቪት በርሜል ላይ ተቀምጠው የማይሲን ክንፍ ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል።

«ይህች እዚያ ትገባለች» አሉ። «ልክክ ትላለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ድንጋይ አነበብኩ ብዬ የቆምኩት ሰውዬ አንድ ገጽ እንኳ አላነበብኩም። እሺ፣ ይህስ ይሁን። ማይሲን ታዲያ ምን ሥር ነው ያስቀመጥኳት? እስቲ ንገሪኝ። ከሸርጣን ሥር ነው?»

ኤፒ መሐረቡን ፈታችና ያመጣችውን በእጃቸው ላይ አኖረችው።

«ይመዝኑት፣ አባባ።»

«ምንም አይከብድም።»

«ባዶ ነዋ። አልሞተም እኮ። ሲያድግ ልብሱ ይጠበውና ከጀርባው ሰንጥቆ ይወጣል። ልብሱን እንዳለ ትቶት ይሄዳል፤ ዓይኑ፣ ጥፍሩ፣ ጢሙ ሳይቀር። አባቴ በየበጋው ይለቅማል። የእርስዎም እንደዚሁ ይመስለኛል። ሥጋ የለ፣ አጥንት የለ፣ ልብስ ብቻ። እዚህ የሞተ ነገር የለም፣ አባባ። ወጥቶ ሄዷል።»

ሽማግሌው ባዶውን ቅርፍ ወደ ብርሃኑ አነሡት። ብርሃኑ በውስጡ አልፎ በፊታቸው ላይ ወደቀ።

«ወጥቶ ሄዷል» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ተንበርክከው የማይሲን ክንፍ ከቦታዋ አገቧት። ገጠመች። ሲነሡ ትከሻዋን ተደገፉ። «ነገ በሩ ላይ ትቆሚያለሽ። ፀጉርሽን አበጥሪ» አሉ።

ቅዳሜ ዶክተር ፔይተን በጋሪው መጣ። የካባው ሰው ሁሉ መዶሻውን ጥሎ ተሰብስቧል። ዶክተሩ ወፍራምና ሳቂታ ነው፤ ክፉ ሰው እንኳ አይመስልም። «እህ፣ ሽማግሌው፣ እስቲ መልአክህን አሳየኝ» አለ።

ዳቪት በሩን ከፈቱ።

መጀመሪያ ያጉረመረሙት የራሳቸው ሰዎች ናቸው። «አባ ዳቪት» አለ ጊብ ሞሊሰን፣ «ክንፎቹን የት አደረሷቸው?» ዶክተሩ አውሬውን አንዴ ዞረው፤ ሁለተኛም ዞረው። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል።

«መልአክ አለመሆኑን አምነሃል ማለት ነው፤ ጎበዝ» አለ በመጨረሻ። «አገጣጠሙ ግን ትክክል አይደለም። ዓሣ እንዲህ ያለ መጋጠሚያ የለውም። ይኼው ቅርፊቱ፤ የጻፍኩትም ይህንኑ ነው።»

«እኔ የማውቀው ድንጋይ ነው» አሉ ዳቪት። «ዓሣ የምታውቅ ቤቴ ውስጥ አለችልኝ። ኤፒ፣ ነይ ልጄ።»

በስሟ ነበር የጠሯት። ዋቲ ከሕዝቡ መካከል ቀና አለ። ኤፒ ገባች፤ ድምፅዋ የገበያ ድምፅ ነበር፣ ማዕበል አልፎ የሚሰማው።

«ጌታው ስንት ዓሣ ጠርገው ያውቃሉ?»

ፈላጮቹ ሳቁ። ዶክተሩ ቀላ። «እኔ እንኳን... አንድም።»

«እኔ ቁጥሩን አላውቀውም። የዓሣ ቅርፊት አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበ ነው፤ በጥፍር ቢገለብጡት ይነሣል። እስቲ ይህን ይሞክሩ። አይፍሩ፣ አይነክስም።»

ዶክተሩ ውድ ሱሪውን አፈር ላይ አድርጎ ተንበረከከ። በጥፍሩ ጫረ፤ ከኪሱ አጉሊ መነጽር አውጥቶ አየ። ጫፍ አጣ። ያ ሁሉ ቅርፊት፣ ያ ሁሉ ላባ፣ በአንድ ወጥ ቆዳ ላይ የተሣለ ጌጥ ብቻ ነው። ኤፒም የትናንቱን መቆንጠጫ በእጁ አስያዘችው። ከድንጋዩ ጥርስ ጎን አደረገው። በጋጣው ውስጥ የሽማግሌው ሳንባ ብቻ ያፏጫል።

ዶክተሩ ሲነሣ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ተሳስቻለሁ» አለ። «እንደዚህ ሙሉውን ያየ ሰው በአገሩ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ማን ነው ያገጣጠመው? እርስዎ ነዎት?»

ዳቪት ጎርሌይ «አዎ» ቢሉ የሚከራከራቸው አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት የጠበቁት ቃል ይኸው ከዶክተሩ አፍ ወጥቷል።

«እኔ ፈለጥኩት፤ ያወቀችው እሷ ናት» አሉ። «ሲጽፉ ሁለታችንንም ነው የሚጽፉት። ገበሬ ደግሞ አይደለንም።»

ጊብ ሞሊሰን አንገቱን እየነቀነቀ፣ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲሉ አልሰማሁም ነበር እንዴ» አለ። ከዚያ ወዲያ ሳቁን ማን ያቁመው፤ ኩራትም ሳቅም አንድ ላይ ነበር፤ ፈላጮቹ መልአካቸውን አጥተው እንኳ ደረታቸው ተነፍቶ ነበር። ዶክተር ከኤድንበራ መጥቶ ካርሚሊ ውስጥ ባርኔጣ ሲያወልቅ የታየው ያን ቀን ነው።

አውሬው ወደ ኤድንበራ ይሂድ ተባለ። ካባው ግን ሕግ አለው፤ ምልክት ያልተቀረጸበት ድንጋይ አይወጣም። እያንዳንዱ ፈላጭ የራሱ ምልክት አለው፤ በፈለጠው ላይ ይቀርጻል፤ ሲሞትም መቃብሩ ላይ ይቀረጽለታል። ዳቪት በአውሬው ራስ ድንጋይ ጥግ ላይ የጎርሌይን ምልክት መቱ። ከዚያ መሮውንና መዶሻውን ለኤፒ ዘረጉ።

«ኧረ አባ ዳቪት» አለ ጊብ፣ «ሴት እኮ ምልክት የላትም።»

«አለኝ» አለች ኤፒ።

የስዋንኪ ቤት ወጥመዱ በባሕር ላይ ከሰው ወጥመድ እንዳይደባለቅ በእንጨቱ ላይ የሚቀርጸው ምልክት አለው፤ ሁለት የተሻገሩ መስመሮችና ከሥራቸው አንዲት ነጥብ። መሮው መጀመሪያ አዳለጣት። ዳቪት እጃቸውን በእጇ ላይ አድርገው አቃኑላት፤ ከዚያም ተዉአት። መታች። ነጥቧን ስትመታ ድንጋዩ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፣ ጥሩ ድንጋይ እንደሚሰጠው።

ዛሬ አዋቂዎቹ ያን አውሬ የባሕር ጊንጥ ይሉታል። በእኛ አገር ጊንጥ ከመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ ወጥቶ አያውቅምና የነሱን ነገር ለነሱ እንተዋለን። በግሪክኛ ያወጡለት ስም ግን «ባለ ክንፉ» ማለት ነው አሉ። እነሱም ከክንፉ አልተላቀቁም፤ እኛን ብቻ ለምን ይስቁብናል?

ሌላው ሁሉ በገለባ ተጠቅልሎ በጋሪ ተጫነ። ዳቪት ግን ዓይኖቹ ያሉበትን የአውሬውን ራስ ለጋሪ አንሰጥም አሉ፤ እስከ አርብሮዝ መርከብ ድረስ መንገዱ ጉድጓድ ነው፣ ይሰነጠቃል። ዶክተሩ «ታዲያ በምን ይሄዳል?» ሲል ኤፒ ቅርጫቷን አምጥታ፣ ማሰሪያውን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ በጠጠሩ ላይ እንደምትቀመጠው ቁጢጥ አለች። ድንጋዩን በፈላጮቹ እገዛ አንሥተው ጀርባዋ ላይ ያስቀመጡት ዳቪት ራሳቸው ናቸው። የአንድ ጎልማሳ ያህል ይከብዳል። ብድግ አለች።

«ከበደሽ?» አሉ።

«ከአባቴ ይቀላል፤ ደግሞ አይሳደብም።»

ዋቲ ሊረዳት ጎኗ መጣ፤ በእጇ ገፋችው። ካባው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት። ጋሪውና ዶክተሩ ከኋላዋ፣ ሠላሳው ፈላጭ ከጋሪው ኋላ። ሽማግሌው ሳንባቸው እስከ በሩ ብቻ ነበር የሚፈቅድላቸው፤ የቤቱን ደፍ ይዘው ቆሙ። ከበስተጀርባቸው፣ ከምድጃው በላይ፣ ክንፉ ይሰቀልበት በነበረው ምስማር ላይ ባዶው የሎብስተር ልብስ ተንጠልጥሏል። የጋዜጣው ቁራጭ ግን ከግድግዳው ተነሥቷል።

ኤፒ ከደጁ ስታልፍ ማሰሪያውን አጠበቀችና በጀርባዋ ላለው የባሕር አውሬ፣ ባሕሩን ከለቀቀ ስንት ዘመኑ እንደሆነ ለማይታወቀው፣ የአገሯን ቃል ነገረችው።

«አጥብቀህ ያዝ፣ ውሃውን ለእኔ ተወው።»

«የኛ ልጅ ናት» አሉ ዳቪት ጎርሌይ ጮክ ብለው፣ በመንገዱ ያለ ሁሉ እንዲሰማ።